የእድር ድንኳን ውስጥ ቀዶ ሕክምና፦ የበጎ ፈቃደኞች የውሻና የድመት ማምከኛ ክሊኒክ ሲመዘን

በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ፣ የእንስሳት ሐኪሞችና ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ተሰባስበው በዓመት ጥቂት ጊዜ ቅዳሜና እሁድ የሚከፍቱት የውሻና የድመት ማምከኛ ክሊኒክ አለ። አገልግሎቱ ባለቤት ላለውም ሆነ በመንገድ ለሚኖረው እንስሳ ነፃ ነው፤ ከማምከኑ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የሆድ ትላትል መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። እኔ ሁለት ሴት ውሾችን፣ አንዷን ከቤቴ፣ ሌላዋን ከሰፈራችን ሉካንዳ ቤት ጀርባ፣ ወስጄ አሠርቻለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና፣ በቀዶ ሕክምናው በኩል ከደህና የግል ክሊኒክ የማይተናነስ፣ በምዝገባውና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው ክትትል ግን ገና ብዙ የሚቀረው አገልግሎት ነው። ነፃ መሆኑን ለጉድለቱ ማስተባበያ አድርጌ አልቆጥረውም፤ የእንስሳ ሆድ ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ገንዘብ ተቀበለም አልተቀበለ የሚጠበቅበት ጥንቃቄ አንድ ነው።

ቦታው የወረዳ ግቢ ሲሆን ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና የውሃ በርሜሎቹ የሰፈሩ እድር ንብረት ናቸው። ለለቅሶ የሚተከለው ድንኳን በሸራ ለሦስት ተከፍሎ መግቢያው ላይ ምዘናና ምርመራ፣ መሃሉ ላይ ማደንዘዣና ፀጉር መላጨት፣ ከኋላ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ይካሄድበታል። (ድንኳኑን አይተው «ማን አረፈ?» እያሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚገቡ አዛውንቶች አይጠፉም።) አልጋዎቹ የተለመዱ የማጠፊያ ጠረጴዛዎች ቢሆኑም ከእንስሳ ወደ እንስሳ በተዛወሩ ቁጥር በበረኪና ይወለወላሉ፤ መሣሪያውም ለእያንዳንዱ እንስሳ ለብቻው ታሽጎና በእንፋሎት ተቀቅሎ የመጣ ነው። እኔ በነበርኩበት ዕለት መብራት ጠፍቶ የመቀቀያው ማሽን ቆሞ ነበር። ሐኪሞቹ የተጠቀሙበትን መሣሪያ በፀረ ተሕዋስያን ውሃ ነክረው ከመቀጠል ይልቅ ሥራውን አቁመው መብራቱን ጠበቁ። ተራ ጠባቂው አጉረምርሟል፤ እኔ ግን ሁለተኛዋን ውሻዬን ለማምጣት የወሰንኩት ያንን ሳይ ነው።

ሰው እንስሳውን የሚያመጣበት መንገድ ብዙ ነው። ድመት በጆንያ፣ በዘንቢል፣ አንዳንዴም በተበሳ ካርቶን ትመጣለች፤ ውሻ በሰንሰለት፣ በነጠላ ገመድ፣ ወይም በዘበኛ ትከሻ ላይ። መግቢያው ላይ አንዲት ተማሪ መዝገብ ይዛ የምትጠይቀው ጥያቄ አጭር ቢሆንም ዝም ብሎ የሚታለፍ አልነበረም። ከፊቴ የነበሩትን እናት «እማማ፣ ከማታ ጀምሮ ምንም አልበላችም አይደል?» ስትላቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ባዶ ሆዷንማ እንዴት ላሳድራት፤ ጠዋት ትንሽ ፍርፋሪ ሰጥቻታለሁ» አሏት። ልጅቷ ሳትቆጣ፣ ሆዷ ምግብ የያዘ እንስሳ በማደንዘዣ ሥር ሳለች ብታስመልስ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ሊገባ እንደሚችል አስረዳቻቸው፤ ውሻይቱንም ለማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ተራ አስያዘችላቸው። ለደረሰ ውሻ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ከምግብ መከልከል በቂ ነው፤ ውሃ ግን አይከለከልም። ገና ለጋ የሆኑ ቡችሎችና ግልገል ድመቶች ያን ያህል ሰዓት ቢራቡ ስኳራቸው ስለሚወርድ ለእነርሱ ጊዜው አጭር ነው። ይህን ልዩነት መግቢያው ላይ በቃል ይናገሩታል እንጂ ቀድመው በሚያሰራጩት ማስታወቂያ ላይ አልጻፉትም፤ ሊጽፉት ይገባል።

ክብደት የሚለካው በተራ የሰው ሚዛን ነው። ባለቤቱ ውሻውን አቅፎ ይቆማል፣ ከዚያ ብቻውን ይቆማል፣ ልዩነቱ ይያዛል። ዘዴው ተራ ቢመስልም የማደንዘዣው መጠን የሚሰላው በኪሎ ስለሆነ በግምት ከሚሠሩ አንዳንድ ቦታዎች ይሻላል። ቁጥሩ በፕላስተር ላይ ተጽፎ አንገቷ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ሐኪም ድዷን ያያል፣ ልቧን ያዳምጣል፣ ሆዷን ይዳብሳል። ድዷ የነጣ፣ የምታስል ወይም ትኩሳት ያላት ውሻ መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች። ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች የቤት ውሻ የደም ሥሮቿ አብጠው ስለሚደሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንድትመጣ ለባለቤቷ ይነገራል፤ የመንገድ ውሻ ከሆነች ግን ዳግመኛ መያዟ አጠራጣሪ ስለሆነ ልምድ ያለው ሐኪም ወዲያው ይሠራታል። ይህ አመዳደብ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀዶ ሕክምናውን ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ ከሸራው ወዲህ ማዶ ሆኖ እስካልረበሸ ድረስ አይከለክሉትም። የሉካንዳዋ ውሻ በጀርባዋ ተኝታ አራቱም እግሮቿ በጨርቅ ገመድ ከጠረጴዛው ጫፍ ጋር ታስረዋል፤ ምላሷ ወደ ጎን ተስቧል፤ ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ዓይንን እንደተገለጠ ስለሚያስቀረው ብሌኗ እንዳይደርቅ ቅባት ተደርጎበታል። ራስጌዋ የተቀመጠው ተማሪ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ትንፋሿንና የልብ ምቷን እየቆጠረ ይጽፋል። ሐኪሟ ከእምብርቷ ዝቅ ብላ ከጣት ርዝመት ያነሰ ቀዳዳ ከፈተች፣ በቀጭን መንጠቆ የማህፀኑን አንድ ቅርንጫፍ ስባ አወጣች፣ የእንቁላል እጢውን የያዘውን ጅማትና ደም ሥር ሁለት ቦታ አሰረች፣ ቆረጠች። ወዲያው ግን አልለቀቀችውም፤ የታሰረውን ጫፍ በመቆንጠጫ ይዛ ደም መቆሙን እስክታረጋግጥ ጠበቀች። በሌላው ጎን ያንኑ ደገመች። ሆዱን ከመዝጋቷ በፊት ደም መጥረጊያው ጨርቅ ውስጥ እንዳይቀር «ጎዝ?» አለች፤ ረዳቷ ቆጥሮ «ሙሉ ነው» አላት። የላይኛው ቆዳ ክሩ ከውጭ እንዳይታይ ከውስጥ በሚሟሟ ክር ተሰፋ። ይህ ለመንገድ ውሻ ወሳኝ ነው፤ ስፌት ለማስፈታት ተመልሳ አትመጣም፣ ከውጭ የሚታይ ክርም በጥርሷ መሳብ አይቀርላትም። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በአብዛኛው ከብት፣ በግና ፍየል ላይ ያተኮረ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ በውሻና በድመት ላይ እጃቸውን እንዲህ ያፍታቱ ወጣቶች ማየት ደስ ያሰኛል።

ገና ተኝታ ሳለች ከጆሮዋ ጫፍ በቪ ቅርጽ ትንሽ ተቀንሷል። ድመት ከሆነች ደግሞ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ምልክቱን ያየ ሰው ይቺ መክናለች፣ ተከትባለች ብሎ ስለሚያውቅ ዳግመኛ አትያዝም፣ ሆዷም በከንቱ አይከፈትም። አንዳንድ ጎረቤቶቼ «ምን አድርጋ ነው ጆሮዋን?» ብለው አዝነዋል፤ ለክትባት ብቻ ለመጡት የሚታሰረው ባለቀለም ክር ግን እያዩት ሳምንት ሳይሞላ ይጠፋል፤ የጆሮው ምልክት አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት መንቂያውን ነው። ሙቀታቸው የወረደ እንስሳት በድንኳኑ ጥግ በብርድ ልብስ ላይ በጎናቸው ተደርድረው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ጎናቸው ላይ ተደርጎ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጠባቂ አላቸው። ጠባቂዎቹ የሰፈሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ በየጊዜው ያገላብጧቸዋል፣ ድዳቸውን ያያሉ፣ ጆሮአቸውን ያሻሉ። ራሷን ችላ ሳትቆም ለባለቤቷ የተሰጠች አንዲት እንኳ አላየሁም። የመንገድ ውሾች ደግሞ በፍርግርግ ሳጥን ውስጥ አድረው በማግስቱ ወደተያዙበት ቦታ ይመለሳሉ። ሌላ ቦታ አይጣሉም።

ወደ ቦታቸው መመለሳቸው ብዙ ሰው የማይዋጥለት ነገር ነው። «አምክነው መልሰው ሰፈር ውስጥ ከለቀቋቸው ምኑን ሠሩት?» የሚል ሰው በድንኳኑ ዙሪያ አይጠፋም። ከተማችን ለረጅም ዘመን የመንገድ ውሾችን በመርዝ ስትገድል ኖራለች፤ ውሾቹ ግን አልቀነሱም። ምክንያቱ ከሉካንዳ የሚጣለው አጥንትና ከየቤቱ የሚወጣው ትርፍራፊ እንዳለ ስለሚቀር፣ የሞቱት የለቀቁትን ቦታ ከአጎራባች ሰፈር የመጡ፣ ያልተከተቡና የሚወልዱ ውሾች ወዲያው ይይዙታል። የመከነችና የተከተበች ውሻ ግን ቦታዋን ይዛ ሌላውን ታባርራለች፣ ራሷም አትወልድም። ቡታን እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረችውን ዘመቻ በ2023 ስታጠናቅቅ ከ150 ሺህ በላይ ውሾችን አምክናና ከትባ ነበር፤ የመንገድ ውሾቿን በሙሉ ያመከነች የመጀመሪያዋ አገር ተብላለች። በእርግጥ የቡታን ሕዝብ ቁጥር ከአዲስ አበባ ሕዝብ ያንሳልና ሥራውን ለእኛ ቀላል አያስመስለውም፤ አሥራ አራት ዓመት መፍጀቱም መረሳት የለበትም።

ከማምከኑ ጋር የሚሰጠው ክትባት ለብቻው ቢሆን እንኳ ለክሊኒኩ መኖር በቂ ምክንያት ይሆን ነበር። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጋ ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው፤ ከተነከሱት ውስጥም ብዙ ሕፃናት አሉ። የውሾች 70 በመቶ ከተከተበ የበሽታው መተላለፍ ይቆማል። ውሾች በየዓመቱ ስለሚወልዱና ብዙ ቡችሎች ስለሚሞቱ ግን ማምከን የሌለበት ክትባት ያንን 70 በመቶ ይዞ መቆየት ይቸግረዋል፤ ዛሬ የተከተቡት በዓመቱ ባልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉ። ጉዳቱም ሰው ላይ ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች ከእረኞች ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ፣ ቁጥሩ ከ500 ገደማ በማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ላይ በተደጋጋሚ እልቂት አድርሷል። በድንኳኑ መግቢያ የተሰቀለው ሰሌዳ፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ እንዲሄድ በትልልቅ ፊደል ይናገራል። ከግቢው ሁሉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ምዝገባው በቴሌግራም ብቻ ነው፤ ቦታውም በተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። ውጤቱ ምን እንደሆነ ጠዋት ግቢው ፊት የቆሙትን መኪኖች ያየ ሰው ይረዳዋል፤ ከተመዘገቡት አብዛኞቹ የግል ክሊኒክ የመክፈል አቅም ያላቸው ሰዎች፣ ከውሾቹም አብዛኞቹ ግቢ ውስጥ ታስረው የሚውሉ ወንዶች ናቸው። ታስሮ የሚውል ወንድ ውሻ ማምከን ክፋት የለውም፤ የሰፈሩን የውሻ ቁጥር ግን አይነካም። አንድ ሳይመክን የቀረ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃልና፣ ቁጥር የሚቀንሰው ሴቶቹ ሲመክኑ ነው። ሴቶቹ ያሉት ደግሞ መንገድ ላይ ነው፤ ሰው ወንዱን ቡችላ ለዘበኝነት መርጦ ይወስዳል፣ ሴቷን ቱቦ አጠገብ ይጥላታል። እሷም ዓመት ሳይሞላት ወንድ ትፈልጋለች፣ በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህልም ያው ይደገማል። ድመትማ ከዚያ ትፈጥናለች፤ በአራትና በአምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች።

እነዚህን ሴቶች ማን ያመጣቸዋል? በመረብ የሚይዘው ቡድን ማታ ወጥቶ የሚይዛቸው ጥቂት ናቸው፤ አንዷ በመረብ ስትያዝ ሌሎቹ አይተው ይሸሻሉ። የእኛዋን ውሻ የሉካንዳ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ታምሩ (ስሙን ለውጫለሁ) በስሟ ጠርተው፣ አቅፈው ነው ያመጡልኝ፤ በየማታው የሚያበሏት እሳቸው ናቸውና። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች በየመንደሩ አሉ፤ ስማርት ስልክ ግን የላቸውም። አዘጋጆቹ ግማሹን ተራ ለሴት የመንገድ ውሾች ለይተው፣ ዘበኞችንና ሉካንዳ ቤቶችን በእግር እየዞሩ ቢመዘግቡ፣ በዚያው ሐኪምና በዚያው መድኃኒት እጥፍ ሥራ ይሠሩ ነበር። ይህን ለአንዱ አስተባባሪ ነግሬው ነበር፤ ተቀብሎኛል፣ በሚቀጥለው ዙር ግን ለውጥ አላየሁም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ክትትሉ ነው። የሚሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ቁስሉን እንዳታልስ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዳትሮጥና እንዳትታጠብ ይላል፤ ቁስሏን እንዳትደርስበት አንገቷ ላይ የሚጠለቀውን ኮን ግን አይሰጡም፤ ከየት እንደሚገዛም አይናገሩም። አሮጌ ቲሸርት ለፊት እግሮቿ እጅጌ ሆኖ ጀርባዋ ላይ ቢቋጠር ለዚያ ሥራ ይበቃል፤ እኔ ያወቅሁት ከጎረቤት ነው። የሕመም ማስታገሻው አንድ መርፌ ብቻ ነው፤ በማግስቱ እንስሳው ሲያቃስት ባለቤቱ ቤት ውስጥ ያገኘውን መስጠቱ አይቀርም። ፓራሲታሞል ለድመት ገዳይ መርዝ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ የለም፤ ይህ ጉድለት ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል በመሆኑ ከሁሉም በፊት ሊታረም ይገባዋል።

የቤት ውሻዬ በሳምንቱ ከስፌቷ ሥር አበጠች። በወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ፎቶም ላክሁ፤ መልስ አላገኘሁም። የግል ሐኪም ዘንድ ከፍዬ ወሰድኳት፤ አይቶ፣ ዳብሶ፣ መግል ሳይሆን እንቅስቃሴ ያመጣው ውሃ ነው፣ አይነካ፣ ራሱ ይጠፋል አለኝ፤ እንዳለውም ጠፋ። አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊመልሰው የሚችል ጉዳይ ነበር። እኔ የምከፍለው ባይኖረኝ ኖሮ ወይ እፈርጠው ነበር ወይ ዝም እል ነበር፤ ነፃ ክሊኒክ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ የሚከፍለው የሌለው ነው። ሐኪሞቹ በሥራ ቀን የየራሳቸው እንጀራ እንዳላቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም ለሁለት ሳምንት አንድ ስልክ በተራ የሚይዝ ሰው መመደብ ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

እንስሳውን ለማምጣት ለሚያመነቱ ጥቂት ልበል። «ውሻዬ ከመከነ አይጮህም፣ ግቢ አይጠብቅም» የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ ወንዱ የሚቀንሰው መኮብለልና ለሴት መጣላት እንጂ ግቢውን መጠበቅ አይደለም። ሆኖም ሊወፍር ስለሚችል ምግቡን መጠን ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከተመከነ በኋላም ጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል ወዲያው ከሴት ጋር መልቀቅ አይገባም። ሴቷ በለጋነቷ ከመከነች በእርጅናዋ የሚመጣው የጡት እጢና የማህፀን መግል ሥጋቷ እጅግ ይቀንሳል። «የእግዜር ፍጥረት ላይ እጅ ማንሳት ነው» ለሚሉት ደግሞ፣ ለፋሲካ የምንሻማበት ሙክት እንዴት ሙክት እንደሆነ መጠየቅ እወዳለሁ፤ እሱ የተኮላሸው ያለ ማደንዘዣ ነው።

ለመሄድ የወሰነ ሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ቢደርስ፣ ለድመት ጆንያ ሳይሆን የሚዘጋ ካርቶን ወይም ቅርጫት ቢይዝ፣ ብርድ ልብስ፣ አሮጌ ቲሸርትና ለሁለት የሚሆን ትዕግሥት ቢጨምር ይጠቅመዋል። የክትባት ደብተሩን ሳያስሞላ አይውጣ፤ ጥድፊያው ላይ ይረሱታል፣ ክትባቱም በየዓመቱ ይታደሳል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች፣ ያረጁና የልብ ሕመም ያለባቸው ውሾች ግን በጋዝ ማደንዘዣና በኦክስጅን ሊሠሩ ስለሚገባ ወደ ግል ክሊኒክ መሄድ አለባቸው። ሐኪሞቹ ራሳቸው ከበሩ ላይ ስለሚመልሷቸው፣ እንስሳውን በከንቱ አስርቦ ማምጣት አያስፈልግም።